ምላሽ ያልመጣለት ምዝገባ፦ በኖድ ጄኤስና በሞንጉስ ሥርዓቶች ውስጥ የማይጠራ የመልስ ጥሪን መመርመር

በአገልጋይ ወገን በጃቫስክሪፕት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ከሚደርሱ እንከኖች መካከል ለመመርመር የሚያስቸግረው ስህተቱን በግልጽ የሚናገረው ሳይሆን ምንም የማይናገረው ነው። ፕሮግራሙ አንድን መዝገብ ወደ መረጃ ቋት እንዲያስቀምጥ ታዝዟል፤ ሲሳካለት ወይም ሳይሳካለት ሲቀር የሚጠራው ተግባር፣ ማለትም የመልስ ጥሪ (ኮልባክ)፣ አብሮ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ያ ተግባር አይጠራም። «ተመዝግቧል» የሚል የለም፤ «አልተመዘገበም» የሚልም የለም። ብራውዘሩ ይጠብቃል፤ ከብራውዘሩ ፊት የተቀመጠው ሰውም ይጠብቃል።

ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ዝምታ በኖድ ጄኤስ ላይ ሞንጉስ በተባለው ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ሞንጎዲቢን በሚጠቀሙ ሥርዓቶች ውስጥ ይመረምራል። መነሻ ሐሳቡ ያልተጠራ የመልስ ጥሪ እንዲሁ የትም አይጠፋም የሚል ነው። ሊጠራው አደራ የተቀበለ አንድ የፕሮግራም ክፍል ይዞት ተቀምጧል፤ ወይም ተቀብሎ ጥሎታል። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «አደራው በአሁኑ ሰዓት በማን እጅ ነው?» የሚለውን ነው።

የዘነበወርቅ ምሳሌ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘነበወርቅ ስሙ ሲነሣ የሥጋ ደዌ ሕክምና አብሮ ይነሣል። ስሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የነበሩት የልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚሁ ስፍራ ተመሥርተዋል። የበሽታው ሕክምና ከሌሎች ብዙ ሕክምናዎች ይልቅ በመዝገብ ላይ የተደገፈ ነው። የተቀናጀው መድኃኒት ለ28 ቀናት በሚበቃ እሽግ ይሰጣል፤ የወሩ የመጀመሪያ መጠን በጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል። ጥቂት ባክቴሪያ ያለበት ታካሚ 6 እሽጎችን ቢበዛ በ9 ወራት ውስጥ፣ ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ደግሞ 12 እሽጎችን ቢበዛ በ18 ወራት ውስጥ መጨረስ ይጠበቅበታል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከመዝገቡ አንድ መስመር ቢጎድል ታካሚው ሳያቋርጥ አቋርጧል ይባላል፤ አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ደግሞ ያልወሰደው እሽግ ይቆጠርለታል።

ለምርመራው እንዲያመች የታሰበ ሥርዓት ይወሰድ፤ ማንኛውንም ነባር ተቋም አይወክልም። በዘነበወርቅ አንድ የክትትል ክፍል ውስጥ መዝጋቢዋ በኮምፒዩተሯ ላይ የታካሚውን የካርድ ቁጥር፣ ስምና የዕለቱን እሽግ ታስገባለች። ቅጹ በኖድ ጄኤስ ወደሚሠራ አገልጋይ ይሄዳል፤ አገልጋዩም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ወዳለው ሞንጎዲቢ ይጽፋል። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ይነሣሉ፤ ነገር ግን አገልጋዩ ቀድሞ ይነሣል። መዝጋቢዋ የመጀመሪያውን ታካሚ አስገብታ «አስቀምጥ» የሚለውን ትጫናለች። መልስ የለም። ደግማ ትጫናለች፤ ሦስተኛም ትጫናለች። ወረፋው ይረዝማል።

ጥሪው የሚያልፍባቸው እጆች

ሪያን ዳል ኖድ ጄኤስን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያስተዋውቅ መሠረታዊው ሐሳብ ፕሮግራሙ የዲስክን ወይም የኔትወርክን መልስ ቆሞ እንዳይጠብቅ ነበር። ሥራው ይታዘዛል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል፤ መልሱ ሲደርስ የተሰጠው ተግባር ይጠራል። በልማድ የዚያ ተግባር የመጀመሪያ ግቤት ስህተቱ ነው፤ ስህተት ከሌለ ባዶ ይሆናል። በዚህ አሠራር ውስጥ የተሰወረ ውል አለ፦ የመልስ ጥሪን የተቀበለ ሁሉ አንድ ጊዜ፣ ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊጠራው ይገባል። ውሉ ሲፈርስ የሚያስታውቅ ዳኛ ግን በቋንቋው ውስጥ የለም። ጃቫስክሪፕት የተጠራ ተግባር ሲሰናከል ያውቃል፤ ሊጠራ ሲገባው ያልተጠራን ተግባር ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በሞንጉስ ሴቭ የተባለው ትዕዛዝ ሲሰጥ መዝገቡ በተራ በአራት እጆች ያልፋል። መጀመሪያ በስኬማው መሠረት ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ አልሚው ራሱ የጻፋቸው ቅድመ ሴቭ ተግባራት ይሠራሉ፤ ከዚያም የመረጃ ቋቱ ግንኙነት ካልተከፈተ በማቆያ ወረፋ ይቆያል፤ በመጨረሻ ለሞንጎዲቢ ድራይቨር ይተላለፋል። ዝምታው በመካከለኞቹ በሁለቱ ላይ ይበረታል።

ከምርመራው በፊት አንድ አሳሳች ምልክት መታወቅ አለበት። ብዙ ጀማሪዎች መዝገቡን በስክሪን ላይ አሳትመው መለያ ቁጥር እንዳለው ሲያዩ «ተቀምጧል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው» ብለው ይደመድማሉ። በሞንጎዲቢ ግን 12 ባይት ያለውን ይህን መለያ የሚያመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ወገን ነው፤ መዝገቡ በማስታወሻ ውስጥ ሲፈጠር መለያው አብሮት ይፈጠራል። ስለዚህ መለያ መኖሩ ከመረጃ ቋቱ ጋር ምንም ዓይነት ንግግር ለመደረጉ ማስረጃ አይሆንም።

ማቆያው ወረፋ

የሞንጉስ ፈጣሪዎች ለአልሚው ምቾት አስበው ግንኙነቱ ሳይከፈት የተሰጡ ትዕዛዞች ስህተት እንዳያስከትሉ አድርገዋል። ትዕዛዞቹ በማስታወሻ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ግንኙነቱ ሲከፈት በተራቸው ይላካሉ። በአልሚው ኮምፒዩተር ላይ፣ የመረጃ ቋቱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ ይህ ቆይታ ከቅጽበት ስለማያልፍ ማንም ልብ አይለውም። በታሰበው የክትትል ክፍል ውስጥ ግን የመረጃ ቋቱ ገና አልተነሣም፤ የመዝጋቢዋ ሦስት ጫናዎች ሦስት የተለያዩ መለያዎች ያሏቸው ሦስት መዝገቦች ሆነው ተሰልፈዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ጊዜው ይለያያል። አገልጋዩ በመጀመሪያው የግንኙነት ሙከራ የመረጃ ቋቱን በነባሪ አሠራር ለ30 ሰከንድ ይፈልጋል። ቋቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተነሣ ወረፋው ይፈታል፤ ታካሚው በአንድ ቀን ሦስት እሽግ እንደወሰደ ሆኖ ይጻፋል። ካልተነሣ ሙከራው ይከሽፋል፤ ሞንጉስ ደግሞ የመጀመሪያው ሙከራ ከከሸፈ በኋላ በራሱ አይደግምም። አልሚው ክሽፈቱን ተቀብሎ በስክሪን ላይ ከማተም በቀር ምንም ካላደረገ አገልጋዩ ቅጾችን እየተቀበለ፣ ትዕዛዞችን እየሰለፈ፣ ለማንም ሳይመልስ ይቀጥላል። ወረፋው በማስታወሻ ውስጥ ብቻ ስለሆነ አገልጋዩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቀድሞዎቹ ዕትሞች ይህ ጥበቃ ገደብ አልነበረውም። በኋላ በመጡት በነባሪ 10000 ሚሊሰከንድ ተወስኖለታል፤ ጊዜው ሲያልፍ ትዕዛዙ ከወረፋው ወጥቶ ስህተት ይመለሳል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም 10 ሰከንድ ለአንድ መዝጋቢ ቁልፉን ደጋግሞ ለመጫን በቂ ጊዜ ነው።

ወረፋው የመረጃ ቋቱ ደኅና ሆኖ ሳለም ላይፈታ ይችላል። ሞንጉስ አንድ ነባሪ ግንኙነት አለው፤ ኮኔክት የተባለው ትዕዛዝ የሚከፍተው እሱን ነው። ክሬት ኮኔክሽን የተባለው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ግንኙነት ይፈጥራል። አልሚው ግንኙነቱን በሁለተኛው ከፍቶ ሞዴሉን በሞንጉስ ላይ ካስመዘገበ፣ ሞዴሉ የሚጠብቀው ማንም ያልከፈተውን ነባሪ ግንኙነት ነው። የመረጃ ቋቱ መዝገብ «ደንበኛ ገብቷል» ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን ይጠብቃል። የዚህ መንትያ የሆነ ሌላ እንከን አለ፦ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ የሞንጉስ ሁለት ቅጂዎች ሲገኙ ነው። ዋናው ፕሮግራም በአንደኛው ቅጂ ይገናኛል፤ ሞዴሎቹን የያዘው ንዑስ ጥቅል በራሱ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሌላውን ቅጂ ይጠቀማል። ኮዱ መስመር በመስመር ቢነበብ ስህተት አይገኝበትም፤ ጉድለቱ የሚታየው የተጫኑትን ጥቅሎች ዝርዝር ሲመለከቱ ነው።

ያልተጠራው ኔክስት

ሁለተኛው የዝምታ ቤት አልሚው በራሱ እጅ የሚሠራው ነው። ቅድመ ሴቭ ተግባር መዝገቡ ከመቀመጡ በፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ኔክስት የሚባል ግቤት ከተቀበለ ሥራውን ሲጨርስ እሱን መጥራት አለበት። ሞንጉስ ይህን ጥሪ እስኪሰማ ወደሚቀጥለው እጅ አያልፍም።

በታሰበው ሥርዓት የሚቀጥለውን ቀጠሮ የሚያሰላ ቅድመ ሴቭ ተግባር አለ እንበል። ተግባሩ በመጀመሪያ መስመሩ «የእሽጉ ቀን ካልተለወጠ ተመለስ» ይላል፤ ከተለወጠ 28 ቀን ደምሮ ኔክስትን ይጠራል። አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ ቀኑ አዲስ ስለሆነ ሁሉም በደኅና ይሄዳል። የአልሚው ሙከራም ሁልጊዜ አዲስ ታካሚ በመመዝገብ ስለሆነ እንከኑ አይታይም። ከሳምንታት በኋላ መዝጋቢዋ የአንድ ነባር ታካሚን ስልክ ቁጥር ብቻ ታስተካክላለች። ቀኑ አልተለወጠም፤ ተግባሩ ኔክስትን ሳይጠራ ይመለሳል። በዚህ ቦታ የጊዜ ገደብ የለም፤ 10 ሰከንዱ ለማቆያው ወረፋ እንጂ ለአልሚው ተግባር አልተሠራም። ጥበቃው መጨረሻ የለውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኔክስትን ከተግባሩ ግቤት ማውጣትና ተግባሩን አሲንክ ማድረግ ይበቃል፤ ያን ጊዜ መመለስ ራሱ መጨረስ ይሆናል። ኔክስትን ይዞ በየቅርንጫፉ ለመጥራት መጠንቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ነገ ስድስተኛ ቅርንጫፍ ሲጨምር ጥንቃቄው አብሮ እንደሚጨመር ዋስትና የለም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቅሬታ አለ፦ «ቅድመ ሴቭ ተግባሬ ጨርሶ አይሠራም» የሚል። በዚህ ጊዜ ሴቭ ይመልሳል፤ ያልተጠራው ቅድመ ተግባሩ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ተግባሩ የተጻፈው ሞዴሉ ከስኬማው ከተሠራ በኋላ ነው፤ አለዚያም ለውጡ የተደረገው በሴቭ ሳይሆን በቀጥታ ማሻሻያ ትዕዛዝ ነው። ቀጥታ ማሻሻያው መዝገቡን ወደ ማስታወሻ ስለማያመጣ የቅድመ ሴቭ ተግባራትን አይቀሰቅስም። በክትትል ክፍሉ ምሳሌ ይህ ቢሆን የእሽጉ ቀን ይለወጣል፤ ቀጠሮው ግን አሮጌው ይቀራል።

ተጠርቶ ያልተሰማ

አንዳንድ ጊዜ «አልተጠራም» የተባለው የመልስ ጥሪ በእርግጥ ተጠርቷል። አልሚው በውስጡ የጻፈው «ስህተት ከሌለ ለብራውዘሩ መልስ ስጥ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ስህተት ሲኖር መልስ የሚሰጥ የለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ለዚህ በኢትዮጵያ የሚገኝ የተለየ ወጥመድ አለ። የጃቫስክሪፕት የቀን ዓይነት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ያውቃል። መዝጋቢዋ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ብላ በቁጥር «2017-13-03» ካስገባች 13ኛ ወር ስለማይታወቅ የተሰጠው ጽሑፍ ቀን ሊሆን አይችልም። ሞንጉስ መዝገቡን ውድቅ አድርጎ የመልስ ጥሪውን ከስህተት ጋር ይጠራል፤ ስህተቱን የሚያነብ ግን የለም። ሥርዓቱ 360 ቀን ሠርቶ ለ5 ቀን (በየአራት ዓመቱ ለ6) ዝም ይላል፤ መስከረም ሲጠባ ራሱ ይድናል፤ አልሚውም መብራቱን ወይም ኔትወርኩን ይወቅሳል። የሚያሳዝነው ግን ዝም ያለበት ጊዜ ይሻላል። የካቲት 30 ቀን 2017 «2017-06-30» ተብሎ ሲገባ ያለ አንዳች ተቃውሞ ጁን 30 ሆኖ ይጻፋል፤ የ28 ቀኑ ስሌትም ከዚያ ይነሣል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ መለወጥ ያለበት ቅጹ ከሞዴሉ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው።

የመልስ ጥሪን የማይቀበል ዕትም

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የወጣው 7ኛው የሞንጉስ ዕትም የመልስ ጥሪዎችን ከነአካቴው አስወግዷል፤ የሞንጎዲቢ ድራይቨርም 5ኛ ዕትም በዚያው ዓመት እንዲሁ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ሴቭ የሚመልሰው ፕሮሚስ ነው። በአሮጌ መጽሐፍ ወይም በአሮጌ የኮርስ ማስታወሻ እየተመራ የሚጽፍ ተማሪ ለሴቭ የመልስ ጥሪ ቢሰጠው ሴቭ ተግባሩን አይጠራውም፤ «የመልስ ጥሪ አልቀበልም» የሚል ስህተት ያለው ፕሮሚስ ይመልሳል። ተማሪው ፕሮሚሱን ስለማይጠብቀው ስህተቱ ባለቤት አልባ ይሆናል። በኖድ ጄኤስ 14 ላይ ይህ አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ብቻ ያወጣል። ከ15ኛው ዕትም ጀምሮ ግን ፕሮግራሙን ያቆመዋል። አገልጋዩን ሲወድቅ መልሶ የሚያስነሣ ጠባቂ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ውድቀቱ ራሱ ይሸፈናል፤ የሚታየው ያለ መልስ የተቋረጠ ቅጽ ብቻ ነው። በመሆኑም በእንዲህ ያለ ጉዳይ መጀመሪያ የሚነበበው ኮዱ ሳይሆን የዕትም ቁጥሩ ቢሆን ብዙ ሰዓት ይተርፋል።

ዝምታውን መለየት

ለመለየት ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የሞንጉስ ዲበግ ቅንብር ነው፤ ሲበራ ትዕዛዙ ለድራይቨሩ በሚተላለፍበት ጊዜ አንድ መስመር ያትማል። በወረፋ ላይ ያለ ትዕዛዝ አይታተምም። ሁለተኛው የግንኙነቱ ሬዲ ስቴት ነው፦ 0 የተቋረጠ፣ 1 የተገናኘ፣ 2 በመገናኘት ላይ ያለ፣ 3 በመቋረጥ ላይ ያለ። ቁጥሩ መነበብ ያለበት ግን ሞዴሉ ራሱ ከያዘው ግንኙነት ላይ ነው። ከነባሪው ወይም አልሚው ከፍቻለሁ ከሚለው ላይ ማንበብ የክሬት ኮኔክሽንን እንከን መልሶ ይደብቀዋል።

የዲበግ መስመር ከታየ ትዕዛዙ ከሞንጉስ ወጥቷል፤ ፍለጋው ወደ ኔትወርኩ፣ ወደ መረጃ ቋቱ ወይም ስህተቱን ሳያነብ ወደሚያልፈው የመልስ ጥሪ ይዞራል። መስመሩ ካልታየና ሬዲ ስቴት 1 ካልሆነ አደራው በወረፋው እጅ ነው። መስመሩ ሳይታይ ሬዲ ስቴት 1 ከሆነ ትዕዛዙ ወደ ወረፋው አልደረሰም፤ ወይ ማረጋገጫው መልሶታል፣ ወይ ቅድመ ሴቭ ተግባር ይዞታል፣ ወይ ዕትሙ የመልስ ጥሪውን አልተቀበለም። ሦስቱን ለመለየት በመልስ ጥሪው መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ስህተቱን ማተም፣ በእያንዳንዱ ቅድመ ሴቭ ተግባር መግቢያና መውጫ ላይም አንድ አንድ መስመር ማኖር ነው። መግቢያው ታትሞ መውጫው ካልታተመ ፍለጋው አብቅቷል።

ከምርመራው በኋላ

እንከኑ ከተገኘ በኋላም የመዝጋቢዋ ሦስት ጫናዎች ጉዳይ አልተፈታም። እንደ ክትትል ክፍሉ ባለ ሥራ ላይ ማቆያውን ወረፋ መዝጋት ይመረጣል፤ በፈር ኮማንድስ የተባለውን ቅንብር ሐሰት ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ግንኙነት በሌለበት የተሰጠ ትዕዛዝ ወዲያውኑ ስህተት ይመልሳል፤ መዝጋቢዋም «አልተቀመጠም» የሚለውን አንብባ በወረቀት መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። ምቾት ይቀንሳል፤ ለታካሚው ግን ከማይታወቅ ጥበቃ ይልቅ የታወቀ እምቢታ ይጠቅመዋል። አገልጋዩም ግንኙነቱ ሳይከፈት ቅጽ መቀበል እንዳይጀምር ማድረግ ይገባል።

ድግግሞሹን ለመከላከል በስም ላይ መመካት አይቻልም። በአማርኛ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብሎ የሚጻፈው ስም ለሰው አንድ ነው፤ ለመረጃ ቋቱ ሦስት ነው። ኃይሉና ሀይሉም እንዲሁ። የተሻለው መንገድ ቅጹ ሲከፈት አንድ መለያ ሰጥቶ ያንኑ የመዝገቡ መለያ ማድረግ ነው። ቁልፉ ሦስት ጊዜ ቢጫን ሦስቱም አንድ መለያ ይዘው ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ይጻፋል፤ የተቀሩት 11000 የሚል የድግግሞሽ ስህተት ይመልሳሉ፤ አገልጋዩም ይህን «ቀድሞ ተቀምጧል» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። በካርድ ቁጥርና በእሽግ ተራ ቁጥር ላይ የጋራ ልዩ ኢንዴክስ ማኖርም ይረዳል፤ ነገር ግን በሞንጉስ ስኬማ ላይ ዩኒክ ብሎ መጻፍ ማረጋገጫ አይደለም፤ ኢንዴክስ እንዲሠራ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። በቋቱ ውስጥ አስቀድሞ ድግግሞሽ ካለ ኢንዴክሱ አይሠራም፤ ያም ክሽፈት ካልተነበበ ሌላ ዝምታ ይሆናል።

የዝምታው ተቃራኒም መታየት አለበት። እስከ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2012 ድረስ የሞንጎዲቢ ድራይቨሮች በነባሪ ከአገልጋዩ ማረጋገጫ አይጠብቁም ነበር፤ የመልስ ጥሪው ይጠራል፤ መዝገቡ ግን ላይጻፍ ይችላል። ዛሬም የጽሑፍ ማረጋገጫውን ደረጃ ለፍጥነት ሲሉ ወደ 0 የሚያወርዱ አሉ። እንዲህ ባለ ቅንብር የሚሠራ ሥርዓት ለመዝጋቢዋ ፈጥኖ «ተመዝግቧል» ይላታል፤ ይህን ለማለት ግን የሚያበቃ አንዳች ማስረጃ በእጁ የለም።

ይህ ሁሉ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአንድ ከሰዓት ሊፈተን ይችላል። የመረጃ ቋቱን አጥፍቶ አገልጋዩን ማስነሣት፤ አንድ ቅጽ ሦስት ጊዜ መላክ፤ ቋቱን በ5ኛው ሰከንድ፣ ቀጥሎም በሌላ ሙከራ ከ40 ሰከንድ በኋላ ማስነሣት፤ አንድ ነባር መዝገብ ምንም ሳይለውጡ ደግሞ ማስቀመጥ፤ አንድ የጳጉሜን ቀን ማስገባት። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚመዘገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በቅጹ ላይ የታየው መልስና በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተገኘው የመዝገብ ብዛት።